አምስት ጉሮሮ፣ አንድ ማይክሮፎን

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መስቀል አደባባይ በሚያወጣው ጎዳና ዙሪያ፣ ከመድኃኔዓለም እስከ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ድረስ፣ ምሽት ሲሆን የባህል አዳራሾች መብራታቸውን ያበራሉ። መሶቡ ይቀርባል፤ ጠጁ በብርሌ ይቀዳል፤ እንግዳውም ባለአገሩም ፊቱን ወደ መድረኩ ያዞራል። የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ጎንደሬው ትከሻውን ይሰብቃል፤ ጉራጌው እግሩን ያፈጥናል፤ ትግሬው በከበሮው ዙሪያ ይዞራል፤ ወላይታው ወገቡን ያውረገርጋል፤ ከዚያም ተራው የ«ዶርዜ» ይሆናል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን ዱንጉዛ የለበሱ ወጣቶች ጦርና ጋሻ ይዘው እየዘለሉ ይገባሉ። ከመድረኩ ጥግ ኦርጋኑ አንድ ዓይነት ምት ያለማቋረጥ ይመታል። አንድ ድምፃዊ ማይክሮፎኑን ጨብጦ ይዘፍናል። የቀሩት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ድምፅ ግን ከሦስተኛው ጠረጴዛ አያልፍም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጭብጨባ ይሆንና ሌላ ብሔረሰብ ይተካል።

ተመልካቹ ዶርዜን አየሁ ብሎ ይወጣል። በእርግጥ አይቷል፤ አልሰማም እንጂ። የዶርዜ ሕዝብ ለሙዚቃ ጥበብ ያበረከተው ከሁሉ የላቀው ሀብት አፋቸውን በከንቱ በከፈቱት በእነዚያ ስድስትና ሰባት ሰዎች ጉሮሮ ውስጥ ታፍኖ ቀርቷል።

ዶርዜ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ አካባቢ በሚገኘው ብርዳማ ደጋ፣ በእንሰትና በቀርከሃ መካከል የሚኖር ሕዝብ ነው። አዲስ አበባ የምታውቀው በሽመናው ነው፤ እንዲያውም ከተሜው ከጋሞ ደጋ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ በጅምላ «ዶርዜ» ሲል ኖሯል። ሽሮ ሜዳ ላይ ተሸምኖ ቦሌ ላይ የሚለበሰው የበዓል ልብስ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሸማኔው ሲዘፍን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የተለመደው አዘፋፈን አንድ አውጪ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዩ መቶም ቢሆን የሚያዜመው አንድ ዜማ ነው። የዶርዜ ሰዎች የያዙት መንገድ ከዚህ ይለያል። በአንድ ዘፈን ውስጥ እስከ አምስት የሚደርሱ የተለያዩ ዜማዎች በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ባለቤት አለው። አንዱ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላው ይገባበታል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ በላይ ይወጣል፤ ሌላው በመካከል የቀረችውን ክፍት ቦታ ጠብቆ በአጭር ድምፅ ይሞላታል፤ ብዙኃኑ ደግሞ ከሥር ሆኖ ይይዛል። የእያንዳንዱ ድርሻ ብቻውን ቢሰማ ትንሽና ያልተሟላ ነገር ነው፤ ጠቅላላው ሲሰማ ግን ያን ያህል ሰው ያን ያህል ነገር ሊያወጣ መቻሉ ያስገርማል። ባለሙያዎች ፖሊፎኒ ይሉታል፤ በአማርኛ ኅብረ ድምፅ ቢባል ያስኬዳል። ማስታወሻ የለውም፤ በዱላ የሚመራ አሠልጣኝም የለውም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳይለቅ የሌላውን መስማት አለበት። ይህን የሚችል ሰው ደግሞ በአንድ ሳምንት ልምምድ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ቤርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ ከዶርዜ የቀዳውን ድምፅ «የዶርዜ ፖሊፎኒዎች» በሚል ርእስ በፓሪስ በሸክላ አሳተመ። አሳታሚው «ለ ሻን ዱ ሞንድ» የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ ሥራው የወጣው በፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከልና «ሙዜ ደ ሎም» በሚባለው ሙዚየም የሸክላ ተከታታይ ውስጥ ነው። ይህን ሸክላ የሚያደምጥ ጆሮ፣ በተለይም በትዝታና በአምባሰል ያደገ ጆሮ፣ መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ሰዎቹ የሚዘፍኑ ሳይሆን የሚከራከሩ ይመስለዋል፤ አንዱ ሌላውን የሚያቋርጥ፣ ሦስተኛው ሊገላግል የገባ ዓይነት። ዜማው የትኛው እንደሆነ ይፈልጋል፤ አያገኘውም። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲያደምጥ ግን አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ዜማው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እንደ መወርወሪያ እየተመላለሰ፣ ማንም ብቻውን ሳይይዘው፣ በመካከላቸው ተሠርቶ ያድራል። ከዚያ በኋላ አድማጩ ያን ድምፅ መከተል ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ ከላይኛው ጋር፣ አንድ ጊዜ ከታችኛው ጋር ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ጉዞም ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ይሆንለታል። በሃምሳ ጊዜ የማይሰለች ሸክላ እንዲህ ያለው ነው። ኦርጋን የለውም፤ የሚያስፈልገውም አይመስልም። ማሚቶ አልተጨመረበትም። የሰው ጉሮሮና የደጋ አየር ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ፣ «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ነጠላ ድምፅ ነው» የሚለው አባባል በመማሪያ ክፍል፣ በራዲዮ ቃለ ምልልስና በመጽሔት ዓምድ ሲደጋገም ይሰማል። እንደ አባባሉ ከሆነ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ማለት አራቱ ቅኝቶች ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ሃርመኒ የሚባለው ነገር ወደ አገር የገባው እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም በመጡት 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃና በመሪያቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ በኋላም ኔርሴስ ናልባንዲያን በቴአትር ቤትና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማረው፤ ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ አስማምቶ አያውቅም ይሉናል።

የአርባ ልጆችም ሆነ የናልባንዲያኖች ውለታ የሚካድ አይደለም፤ የኦርኬስትራ አገር የሆንነው በእነሱ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማም በአንድ ድምፅ መዜሙ ጉድለት አይባልም፤ መቶ ደብተራ ጽናጽሉንና መቋሚያውን ይዞ በአንድ ቃል ሲያዜም የሚፈጠረው ግርማ የራሱ ነው። ስሕተቱ ያለው «ኢትዮጵያ» በምትለው ቃል አጠቃቀም ላይ ነው። አባባሉ የአገሩን ግማሽ ለክቶ የሙሉውን ቁመት ይናገራል። ማጃንግሮች እስከ አራት በሚደርስ ድምፅ ይዘፍናሉ። የአሪና የማሌ ሕዝቦች ባለብዙ ድምፅ ዘፈኖች በተመራማሪዎች ተቀድተው ታትመዋል። ደራሼዎች ፊላ ሲነፉ ዜማው በሰዎቹ መካከል ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን ድምፅ በጊዜው ይጥላል እንጂ ማንም ብቻውን ዜማውን ሊነፋ አይችልም። ይህን ሁሉ «ባህላዊ ጭፈራ» በሚል ከረጢት ከትቶ ሃርመኒን ከኢየሩሳሌም የመጣ ዕቃ ማድረግ ምን ይባላል? ሊቅነት ነው እንዳይባል ሊቅ መጀመሪያ ይሰማል።

የውጭ ሰዎች ሰምተዋል። አንትሮፖሎጂስቱ ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መካከል ስለ ተምሳሌት ያሳተመውን ታዋቂ መጽሐፍ የመሠረተው ከዶርዜዎች ጋር ኖሮ ባየው ነገር ላይ ነው። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ፤ ሆኖም በእነዚያ ቀናት ከብታቸውን ከነብር መጠበቅ አያቋርጡም። ስፐርበር ከዚህች ቁም ነገር አንድ ሙሉ ክርክር አወጣ። በአዲስ አበባ ግን የዶርዜ ሰው ለአዋቂዎች ጉባኤ የሚጠራው ጋቢ ለማስለካት ይመስላል።

ነገሩ የዕድል ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሻገር ማለት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ ሰሎሞን ሊንዳ የተባለ ከዙሉ ገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት፣ «ኦሪጂናል ኢቪኒንግ በርድስ» ከሚባሉ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ምቡቤ» የተባለውን ዘፈን በጋሎ ኩባንያ ሸክላ ላይ አስቀዳ። ምቡቤ ማለት አንበሳ ነው። ከሥር ወፍራሞቹ ድምፆች ይዘዋል፤ ከላይ የሊንዳ ቀጭን ድምፅ ይንሳፈፋል። ያ ሸክላ የአንድን የአዘፋፈን ስልት ስም እስከ መሆን ደረሰ። በእሱ ፈለግ ሌሎች መጡ፤ በመጨረሻም የጆሴፍ ሻባላላ «ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ» እ.ኤ.አ. በ1986 ከፖል ሳይመን ጋር «ግሬስላንድ» በተባለው አልበም ላይ ድምፁን አሰምቶ ዓለምን ዞረ። ሊንዳ ራሱ መብቱን በ10 ሽልንግ ሸጦ እ.ኤ.አ. በ1962 በድህነት መሞቱ፣ ቤተሰቡም ገንዘቡን ማግኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በስምምነት መሆኑ የታወቀ ግፍ ነው። በዚያ ግፍ ውስጥ እንኳ አንድ ያልተነካ ነገር አለ፤ ዘፋኞቹ ሁሉ ድምፃቸው ተቀድቷል፤ ቡድኑም በቡድንነቱ ስም ወጥቶለታል።

የጋሞ ሸማኔም እንደ ዙሉው ወዛደር ከደጋው ወርዶ ወደ ዋና ከተማ የመጣ ሠራተኛ ነው። እንደ እሱ ከአገሩ ልጆች ጋር ተጠጋግቶ ኖሯል፤ እንደ እሱ ዘፈኑን ይዞ መጥቷል። አዲስ አበባም ሸክላ አልጎደላትም ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ወደ 100 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎች አሳትሟል፤ ዓሊ አብደላ ካይፋም ከእሱ ጎንና በኋላ ሠርቷል። የዚያን ዘመን ሥራ ማንም አያቃልለውም። መለያውን ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ይታየዋል፤ ስሙ የተጻፈው የአንድ ድምፃዊ ነው። ከበስተጀርባ ሆነው የተቀበሉት፣ አንዳንዴም ዘፈኑን ዘፈን ያደረጉት ድምፆች ስም የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ ያሳተመው «ኢትዮጲክስ» የዚያን ዘመን ክብር ለዓለም ሲመልስ፣ በአብዛኛው ያንኑ ሚዛን ይዞ ነው የመለሰው። በአገራችን አእምሮ ውስጥ ሙዚቀኛ ማለት አንድ ሰው ነው፤ የቀረው «ተቀባይ» ነው። ተቀባይ የሚለው ቃል ራሱ ምን እንደሚል ልብ ይሏል።

ስለ ብዙኃን ኪነት ብዙ የተነገረበት ዘመንም ከዚህ ነፃ አልነበረም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ፣ የብሔረሰቦች ዘፈንና ጭፈራ ከዚያ በፊት ባልነበረው ስፋት ወደ መድረክ ወጣ። በ1980 ዓ.ም. ለድርቁ እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ ዓለምን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የዚያ ጥረት ቁንጮ ነበር። ብዙ ጎበዞች አፍርቷል፤ ብዙ ሰው ስለ አገሩ ያላወቀውን አሳይቷል። ነገር ግን መድረኩ የራሱን ሕግ ይዞ መጣ። ለሁሉም እኩል ደቂቃ፣ ለሁሉም አንድ ኦርኬስትራ፣ ለሁሉም አንድ ድምፃዊ በፊት። የእኩልነት ሐሳብ ትክክል ነው፤ ልዩ ልዩ የሆነውን ነገር በአንድ ቁና መስፈር ግን እኩልነት ሊባል አይችልም። ኅዳር 29 ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሆኖ ሲከበርም በቴሌቪዥን የሚታየው በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ልብሱ ከአምናው የደመቀ፣ ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ። ዛሬ በቦሌ አዳራሾች የሚታየው ይህ ሥርዓት ነው፤ ካድሬው ወጥቶ አስተናጋጁ ገባ እንጂ።

የአዳራሾቹ ሰዎች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አላቸው። እንግዳው አይፈልገውም ይላሉ። እንግዳው መቼ ቀርቦለት ያውቃል? ከፓሪስ ወይም ከቶኪዮ የመጣ ሰው በአገሩ ሱቅ ገዝቶ ሊያደምጠው የሚችለውን የኢትዮጵያ ጥበብ፣ አሥር ሰዓት በርሮ ከመጣ በኋላ ቦሌ ላይ ማግኘት አለመቻሉ ለማን የሚያኮራ ነው? የድምፅ መሣሪያው አይበቃም ይላሉ። ለመድረኩ ጢስና ለሚሽከረከረው መብራት የወጣው ገንዘብ አራት ተጨማሪ ማይክሮፎን እንደሚገዛ ለማስላት ሒሳብ አዋቂ አያስፈልግም። ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ይብሳል፤ «ድምፃቸው አይገጥምም» ይላሉ። በኦርጋኑ ቁልፍ ልክ አይገጥምም ለማለት ነው። የሚለካው ጉሮሮው በኦርጋኑ ሆነ እንጂ ኦርጋኑ በጉሮሮው ሊለካ እንደሚገባ ማንም አላሰበም።

ስቱዲዮዎቹም የተሻሉ አይደሉም። በቦሌና በገርጂ ፎቆች ውስጥ ባሉት ክፍሎች «ኮረስ» ሲያስፈልግ አንድ ሰው የራሱን ድምፅ ሦስትና አራት ጊዜ ደራርቦ ይቀዳል፤ የተዛነፈውን ኮምፒዩተሩ ያቃናል። ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ለብዙ ዘፈንም ይበቃል። ግን ኅብረት ሊባል አይችልም። አንድ ሰው ከራሱ ጋር መስማማቱ ምን ያስደንቃል? የዶርዜው ሸክላ ነፍስ ያለችው አምስቱ ሰዎች አምስት በመሆናቸው ነው። የአንዱ ድምፅ ሻካራ፣ የሌላው አፍንጫ ለአፍንጫ፣ የሦስተኛው ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ያቺን ዝቅታ ያቃና መሣሪያ ሰውየውን ከዘፈኑ አስወጥቶታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን ጊዜ ነው። ነጠላ ዘፈን አንድ ሰው ካወቀው አይሞትም፤ ከመቃብር አፋፍ ላይ እንኳ አንድ ሽማግሌ ለአንድ ልጅ ሊያስተላልፈው ይችላል። ኅብረ ድምፅ እንዲህ አይደለም። ከአምስቱ አንዱ ሲጎድል የሚቀረው አራት አምስተኛው አይሆንም፤ ዘፈኑ እንዳለ ይፈርሳል። ስለዚህ የሚኖረው ሰዎች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ቦታ ብቻ ነው። ከተማይቱ ደግሞ ባለፉት 20 ዓመታት ሰዎቿን በዕጣ በትናለች። የጋራ መኖሪያ ቤት ማግኘት ለሸማኔውም ለሌላውም ደስታ ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ግቢ ኖረው በየበዓሉ አብረው የሚዘፍኑ አምስት ጎረቤቶችን ማሰብ ነው፤ ለአንዱ ዕጣው በቦሌ አራብሳ ይወጣለታል፣ ለሁለተኛው በየካ አባዶ፣ ሦስተኛው አያት ይገባል፣ አራተኛው በሰሚት ይከራያል፣ አምስተኛው ባለበት ይቀራል። ጨርቁ አሁንም ይሸመናል፤ ለዚያ አንድ ሰው ይበቃል። ለዘፈኑ ግን ሁለት ታክሲ መቀያየር ያስፈልጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በየስብሰባው አዳራሽ ይጠቀሳል፤ ድሩን የሚያደራው ሰው ከማን ጋር አብሮ እንዲዘፍን እንደቀረ የጠየቀ ስብሰባ ግን አልተሰማም።

መድኃኒቱ የራቀ ወይም ውድ አይደለም። ለመምህራን የሚቀርበው ከሁሉም ይቀላል። ባለብዙ ድምፅ ዘፈን ፒያኖ አይጠይቅም፤ ጊታር አይጠይቅም፤ በኮተቤም ሆነ በሌላ ማሠልጠኛ አንድ ክፍልና አምስት ተማሪ ካለ ይበቃል። የሚያስተምረው ሰው ግን ከሽሮ ሜዳ ተጠርቶ፣ እንደ መምህር ወንበርና አበል ተሰጥቶት መምጣት አለበት፤ ለጭፈራ ማድመቂያ ተብሎ አይደለም። ከፓሪስ የሚፈለገውም ነገር ልመና አያሻውም፤ ያ የድምፅ መዝገብ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የክምችቱን ዝርዝር በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የባህል መሥሪያ ቤቶች ተቀምጠው ዝርዝሩን አንብበው፣ ቅጂው እንዲመጣ መጠየቅ፣ ከመጣም በኋላ ጨንቻ ድረስ ይዘው መውጣት ይችላሉ። እዚያ ሸክላው ላይ ያለውን ድምፅ ሰምቶ «ይህ አባቴ ነው» የሚል ሰው ሊገኝ ይችላል። ያን ሰው ለመጠየቅ የቀረው ዓመት ብዙ አይደለም።

አርቲስቶችም ከነገ ጀምሮ ማድረግ የሚችሉት አለ። በአልበሙ ሽፋን ላይ የተቀባዮቹን ስም በድምፃዊው ስም ልክ ይጻፉ፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ማን የትኛውን ድምፅ እንደያዘ ይግለጹ። ኦርጋን ተጫዋቹም ቢሆን በዶርዜው ተራ ለአምስት ደቂቃ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ደመወዙ አይቀነስበትም።

በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን አስቀምጠው፣ ለልጆቻቸው ልብስ ለሚስቶቻቸው ሻሽ ገዝተው፣ ለመስቀል ወደ ጋሞ ደጋ ይሳፈራሉ። የመስቀል ዕለት ማታ በቦሌ ያሉት አዳራሾች ጢም ብለው ይሞላሉ፤ የበዓሉ ፕሮግራም ልዩ ነው፤ ዶርዜም በተራው ይቀርባል። ጦሩን የያዙት ወጣቶች ይዘላሉ፤ ኦርጋኑ ይመታል፤ ማይክሮፎኑ ከአንድ እጅ አይወጣም። መዝፈን የሚችሉት ሰዎች ያን ጊዜ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ ጨንቻ ገብተዋል።